የሥነ ተዋልዶና የወሲብ ጤናን ለነርስ ተማሪዎች ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ አዲስ ከተመደቡ መምህራን፣ እንዲሁም ተማሪዎቻችንን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ውስጥ ተቀብለው ከሚያለማምዱ ነርሶች በየዓመቱ የሚመጡልኝ ናቸው። የመለስኩት በኢትዮጵያ ካለው ሕግና አሠራር ተነሥቼ ነው፤ በመሀል የራሴን አስተያየትም ጨምሬበታለሁ።

ተማሪዎቼ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ጥርት አድርገው ያውቁታል። ታካሚ ፊት በአማርኛ ሲጠይቁ ግን አፋቸው ይተሳሰራል። ምን ይሻላል?

ይህን ያስቀደምኩት የትምህርታችን ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ስለሆነ ነው። የምናስተምረው በእንግሊዝኛ፣ የምንፈትነውም በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ቫጃይናል ዲስቻርጅ» (ከሴት ብልት የሚወጣ ፈሳሽ) ሲል አያፍርም፤ ቃሉ እናቱ ፊት ተነሥቶ አያውቅምና። ታካሚዋ ፊት ሲቀመጥ ግን በአማርኛ ያለው ቃል ሁለት ዓይነት ብቻ ይመስለዋል፤ አንዱ የስድብ፣ ሌላው የቤተ ክህነት። በሁለቱ መሀል ያለውን የሥራ ቋንቋ ያስተማረው የለም።

አንዲት ጎበዝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ሽንት የሚያቃጥላቸውን እናት ታሪክ ስትቀበል ከኋላዋ ቆሜ ነበር። «ግንኙነት አለዎት?» አለቻቸው። «ከማን ጋር ልጄ?» አሏት። ዓይኗን ካርዱ ላይ ተክላ «ከ... ከባለቤትዎ ጋር» አለች። «አዎ፣ ይመስገነው፣ ተስማምተን ነው የምንኖረው» ብለው መለሱላት። እሷም ግንኙነት አላቸው ብላ ጻፈች። ባላቸው ለሥራ መተማ ከወረዱ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው የሰማነው፣ ኋላ መድኃኒቱ ሲሰጣቸው «ባለቤትዎም አብረው ይታከሙ» ስንላቸው ነው። ተማሪዋ የአባላዘር በሽታዎችን ሕክምና ከነመጠኑ በቃሏ ትወጣዋለች። የጎደላት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

እኔ አሁን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለቃላት እሰጣለሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ። በመጀመሪያው ነርሷ የምትናገረው ቃል ይጻፋል፦ የሴት ብልት፣ የወንድ ብልት፣ የዘር ፍሬ፣ የማኅፀን በር፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ የወር አበባ፣ ስንፈተ ወሲብ፣ ማረጥ። በሁለተኛው ታካሚዎች የሚሉት ይገባል፦ «ታች ያሳክከኛል»፣ «አበባዬ ቀረ»፣ «ወረደብኝ»፣ እንዲሁም ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ የሚሉት የአባላዘር በሽታ ስሞች። «ማኅፀኔን ያመኛል» የሚለው ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያስወራናል፤ ምክንያቱም ከሽንት ፊኛ እስከ ወገብ ድረስ ያለውን ሕመም ሁሉ በዚህ ቃል የሚገልጹ ሴቶች ብዙ ናቸው። እጅዎን ያሳርፉበትና ያሳዩኝ ማለትን እዚያው እንለማመዳለን። ሦስተኛው ዓምድ ተማሪው ሲሰማ ሊገባው የሚገባ፣ ራሱ ግን የማይናገረው ቃል ነው። ይህን ዓምድ ሰሌዳው ላይ አልጽፈውም፤ በቃል ተነጋግረንበት እናልፋለን።

ከዚያ ሁሉም በየተራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። «ከባለቤትዎ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደርጋሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ያደረጉት መቼ ነው?» ክፍሉ መጀመሪያ ላይ ይስቃል። መሳቁን አልከለክልም፤ በአምስተኛው ተማሪ ላይ ራሱ ያልቃል። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በየራሳቸው ቋንቋ ተመሳሳይ ሰሌዳ እንዲያዘጋጁ አደርጋለሁ። አስተርጓሚ ሲያስፈልግም ባልን ወይም ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ እንደማይገባ ከዚሁ ቀን ጀምሮ ይማራሉ።

እንዲህ በግልጽ መጠየቅ ታካሚውን አያስቀይምም?

አጠያየቁ ነው የሚያስቀይመው። መጀመሪያ በር ይዘጋል ወይም መጋረጃ ይሳባል፤ ቀጥሎ ፈቃድ ይጠየቃል። «የምጠይቅዎት ጥያቄ የግል ነው። ለሕክምናዎ ስለሚረዳ ሁሉንም ታካሚ እንጠይቃለን፤ መመለስ የማይፈልጉት ካለ ይለፉት።» ይህችን ተማሪዎቼ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይይዟታል። «ሁሉንም ታካሚ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ሰውየው ተጠርጥሬ ነው እንዳይል ያደርገዋል።

ለይዘቱ አምስት አርእስት ይበቃሉ፦ የግንኙነት ጓደኞች፣ የግንኙነቱ ዓይነት፣ ከበሽታ መከላከያ መጠቀም፣ ከዚህ ቀደም የያዘ የአባላዘር በሽታ፣ ስለ እርግዝና ያለው ፍላጎት። የምክሩን ጥልቀት ለማስተማር ደግሞ ጃክ አኖን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነደፈው ፕሊሲት የሚባለው የአራት ደረጃ አካሄድ ይጠቅማል፦ ፈቃድ መስጠት፣ የተመጠነ መረጃ፣ ለሰውየው የተለየ ምክር፣ የባለሙያ ጥልቅ ሕክምና። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማንኛውም ነርስ ሥራ ናቸው። ተማሪ «እኔ የወሲብ ሐኪም አይደለሁም» ብሎ ሲሸሽ ይህን አስታውሰዋለሁ፤ አራተኛውን ደረጃ ማንም አልጠየቀውም።

ይህ ትምህርት ከቤተሰብ ምጣኔና ከማዋለድ የተለየ ምን አለው?

ቤተሰብ ምጣኔው በራሱ ቀላል ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ዳሰሳ 41 በመቶ ደርሰዋል። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶችም በ2000 ከነበረው 871 በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። እዚህ ውስጥ የነርሶችና የሚድዋይፎች እጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር አለበት።

ችግሩ የሥነ ተዋልዶ ጤና የወላድ ሴት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ላይ ነው። የስኳር ሕመምተኛ፣ የልብ ሕመምተኛ፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደላት ሴት፣ ከማኅፀን ካንሰር ጨረር ሕክምና የተመለሰች እናት፣ አከርካሪው የተጎዳ ወጣት ሁሉም የሚተኙት ከማዋለጃ ክፍል ውጪ ነው። እዚያ ደግሞ ስለ ወሲብ የሚጠይቃቸው የለም። ስኳር ነርቭንና የደም ሥርን ስለሚጎዳ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና አብዛኞቹ የድብርት መድኃኒቶችም የወሲብ ፍላጎትን ወይም ብቃትን ይቀንሳሉ። ወንዱ ይህን ለነርስ አይናገርም፤ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ከዚያ ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ «መድኃኒቱን በሥርዓት የማይወስድ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍበታል። «መድኃኒቱ በትዳርዎ ላይ ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ የግፊት ክትትል አካል መሆኑን ተማሪው የውስጥ ደዌ ዋርድ ላይ ሊማረው ይገባል።

ሕይወት የሚያጠፋም አለ። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልዴናፊል፣ ማለትም በተለምዶ ቫያግራ የሚባለውን፣ ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ይህን ክኒን አፍሮ በጓደኛው በኩል የሚያስገዛ ሰው ለሐኪም አይናገርም፤ እኛ ካልጠየቅነው አናውቅም። ከሃርት አታክ ያገገመ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ከሚስቱ ጋር ለመተኛት እየፈራ ወራት ያሳልፋል። ሌላ ችግር ያልተከተለበትና ሁለት ፎቅ ደረጃ ያለ ደረት ሕመም፣ ያለ ትንፋሽ ማጠር መውጣት የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግንኙነት መመለስ እንደሚችል ቢነገረው የሁለት ሰው ጭንቀት ይቀላል።

ውርጃን በተመለከተ ተማሪው ሕጉን ምን ያህል ማወቅ አለበት?

አንቀጹን ቁጥሩን ጠርቶ ማስረዳት እስኪችል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ውርጃን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። አንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ መቀጠሉ የእናትን ወይም የፅንሱን ሕይወት ወይም የእናትን ጤና አደጋ ላይ ሲጥል፤ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፤ ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረስ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር።

ብዙ ነርስ የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። አንቀጽ 552 በመደፈር ወይም በዘመድ ግንኙነት ላረገዘች ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ምስክር ጥሪ አትባልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅም በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት የነገረችው ዕድሜ ይመዘገባል እንጂ የልደት ካርድ አትጠየቅም። «ነገ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» የተባለች ልጅ ተመልሳ ላትመጣ፣ ሄዳም በማይገባ እጅ ልትወድቅ እንደምትችል ተማሪዎቼ እንዲያስቡት እጠይቃለሁ። መመሪያው መጀመሪያ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን በኋላ ተሻሽሏል፤ የሠለጠኑ ነርሶችና ሚድዋይፎችም አገልግሎቱን እንዲሰጡ ይፈቅዳል።

እምነቴ ውርጃን አይፈቅድልኝም። ትምህርቱን መማር ግዴታዬ ነው?

መማሩ አዎ። ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ቅንና ጠንካራ ተማሪዎች ናቸው፤ አክብሬ ነው የምመልሰው። ሕጉን፣ የመድኃኒቶቹን አሠራር፣ የችግር ምልክቶቹን ሳያውቅ የሚመረቅ ነርስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ማዳን አይችልም። የደም መፍሰስን ማስቆም፣ ኢንፌክሽንን ማከም፣ የተረፈውን ማውጣት ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም፤ እንዴት እንደጀመረ መመርመርም የእኛ ሥራ አይደለም። ድርጊቱን በራሱ እጅ መፈጸም ሕሊናው ያልፈቀደለት ባለሙያ ደግሞ ሴትዮዋን ሳይዘልፍ፣ ሳያንከራትት፣ ጊዜ ሳያጠፋ አገልግሎቱን ወደሚሰጥ ባልደረባ ማድረስ አለበት። የማልቀበለው አንድ ነገር ቢኖር ዝምታ ነው፤ «እዚህ የለም» ብሎ መሸኘት።

ያላገባች ወጣት መከላከያ ስትጠይቅ ተማሪዎቼ ይገሥጿታል። እንዴት ላርማቸው?

መጀመሪያ «አግብተሻል?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋቸው አስወጡ። የሚያስፈልገው «ነፍሰ ጡር ልትሆኚ ትችያለሽ? ሌላ ሕመም አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የመጀመሪያ ግንኙነት ያደረጉበት አማካይ ዕድሜ 16.6 ነበር፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም አርግዘው ነበር። ተግሣጹ ይህን አልቀየረውም።

ስለ ድንገተኛ መከላከያም፣ ሰዉ ፖስትፒል ስለሚለው፣ በትክክል ይማሩ። 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ይመከራል፤ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ቢወሰድም ኃይሉ ይቀንሳል። የያዘ እርግዝናን አያቋርጥም። «ውርጃ ነው» ብሎ የሚያስፈራራ ነርስ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ክፍላችን ያስተማረው ሰው መሆኑ አሳፈረኝ።

ወንድ ተማሪዎች ማዋለጃ ክፍል ሲገቡ እናቶች አይፈልጉም። አናስገባቸው?

እናስገባቸው። ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ሌሊት ተረኛው ወንድ ነርስ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ሌሊት ምጥ ሲመጣ «ተለማምጄ አላውቅም» አይባልም። ነገር ግን እናቶቹ እምቢ የሚሉት ወንድ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። አንድ አልጋ ዙሪያ ስምንት ተማሪ ቆሞ፣ ስሙን የነገራት ሳይኖር፣ አንሶላው ተገልጦ ሲወራባት የትኛዋም ሴት ትከፋለች። ሁለት ተማሪ ይበቃል። ስሙን ይናገር፣ ተማሪ መሆኑን ይንገራት፣ ፈቃዷን ይጠይቅ፣ ሴት ባልደረባ አብራው ትቁም፤ እምቢ ካለች አመስግኖ ይውጣ። ፈቃዱ የሚጠየቀው ልብሷን ካወለቀች በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ስናስተምር ክፍሉ ለምን ጭጭ ይላል?

ጉዳዩ ክፍሉ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47 በመቶ። ስለዚህ ስላይድ ከፍቶ «በገጠር ያሉ እናቶች» እያሉ ማስተማር ፊት ለፊት የተቀመጡትን ልጆች መርሳት ነው። እኔ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እዚህ ያለን የምንነካበት ሊሆን ይችላል፣ መውጣት የሚፈልግ ሳይጠይቅ ይውጣ። ፎቶግራፍ አላሳይም፤ ሥዕል ይበቃል።

ሕጉን በሚመለከት፣ አንቀጽ 565 ግርዛትን ከ3 ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ፣ አንቀጽ 566 ደግሞ ብልትን መስፋትን ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ነርስ «በንጹሕ ምላጭ እኔ ብሠራው ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከቤተሰብ ሲቀርብለት መልሱ አይሆንም ነው። በምጥ ጊዜ የተከፈተ ጠባሳንም ወደ ነበረበት መልሶ አይሰፋም።

ተማሪዬ ራሷ እንደተደፈረች ብትነግረኝ?

ይህ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢሮ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። ቁጭ ብለሽ ስሚያት፤ «ለምን እዚያ ሄድሽ?» የሚል ጥያቄ አይውጣሽ። ጊዜው ቅርብ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል፦ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ነው። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ ወረቀት ውስጥ ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ያሉ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ሕክምናን፣ ምክርንና የሕግ ድጋፍን አንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ማግኘት ይችላሉ። ክስ መመሥረት አለመመሥረቱን አዋቂ ከሆነች እሷ ትወስን። አብረሻት ሂጂ፤ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት ለአንዲት ብቻዋን ለሆነች ልጅ በቂ አይደለም።

ፈተናውን እንዴት እናውጣ?

የጽሑፉ ፈተና እንዳለ ይቀጥል። የተግባሩ ላይ ግን ታካሚ ሆኖ የሚጫወት ሰው አስቀምጡና ጥያቄና መልሱ ሙሉ በሙሉ በታካሚው ቋንቋ ይሁን። ቼክሊስቱ ላይ መጋረጃ መሳብ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ የታካሚን ቃል መረዳት የራሳቸው ነጥብ ይኑራቸው፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ አያጠናም።

ስኪል ላባችን (የተግባር መለማመጃ ክፍላችን) ውስጥ የማኅፀን ሞዴል የለም። በምን እናለማምድ?

ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። ከቀይ ጨርቅና ከጥጥ የተሰፋ ማኅፀን፣ ከሶክስ የተሠራ የማኅፀን በር የሉፕ አገባብን ቅደም ተከተል ለማሳየት ያገለግላሉ። በክንድ ለሚቀበረው ኢምፕላኖን ሰፍነግ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ ክንድ ላይ ማሰር ይቻላል፤ መርፌው ቆዳውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ብቻ እንዲሄድ ጨርቁ ላይ በዓይን ይታያል። የቆየ ማስታወሻ ይዛችሁ የምታስተምሩ ቦታውን አስተካክሉ፦ ድሮ በሁለቱ የክንድ ጡንቻዎች መሀል ባለው ስርጉድ ላይ እንቀብረው ነበር፤ ነርቭና የደም ሥር ስለሚያልፉበት አሁን ከክርኑ የውስጥ አጥንት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከስርጉዱ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወርዶ ነው።

ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ደግሞ በሳሉት ማኅፀን በር ላይ በምርመራው በሚቀባው አሴቲክ አሲድ ፈንታ ጥጥ በውኃ ነክረው ቀብተው፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅን ሰዓት ይዘው ይለማመዱ፤ ያች ደቂቃ በሥራ ላይ ቶሎ ትረሳለች። ልምምዱ ላይ ከጨርቁ ጋር እንዲነጋገሩም አድርጓቸው። «እማማ፣ አሁን ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዎታል፤ ካመመዎት ይንገሩኝ፣ አቆማለሁ።» መጀመሪያ ላይ ለጨርቅ ማውራት ያሳፍራቸዋል። በሦስተኛው ቀን ሳይነገራቸው ሲያደርጉት ከበሩ ላይ ይሰማል።